ማዕዘን የሌለው ቤተክርስቲያን

ስንዱዬ፣

ከካርዱ ጀርባ ያለው የሞጣው አሮጌ ቤተክርስቲያን ነው። በደንብ እዪውና ማዕዘን ካገኘሽለት ደውዪልኝ!

ባለቤቴን ሰማውን ታውቂው የለ፣ መሐንዲስ ነኝ ባዩን? እኔ ቤተክርስቲያኑ ውስጥ ሥዕሎቹን ሳይ፣ እሱ የግድግዳውን ድንጋይ ሊመረምር ወጣ። ሲወጣ "የቢቸናው መኪና እንዳያመልጠን ማዕዘኑ ጋ ጠብቂኝ" አለኝ። ቤቱ እኮ ድፍን ክብ ነው! እንደኛ አዳማ ቤት መታጠፊያ የሚባል የለውም። ወጥቼ ሳጣው መዞር ጀመርኩ። ለካ እሱም እኔን ፍለጋ በዚያው አቅጣጫ ይዞራል። ስፈጥን ይፈጥናል፣ ሳዘግም ያዘግማል።

አንዲት እናት ስለት ደርሶልኝ የምዞር መሰላቸውና እልል ብለው ተከተሉኝ። እሳቸውን ያየ ሁሉ ተከተለ። ከሰማው ኋላም እንዲሁ ሰው ተሰልፎ ኖሮ ሁለቱ ሰልፎች ተያያዙ፤ ቤተክርስቲያኑን እንደ መቀነት ጠመጠምነው። በእልልታው መሃል የመኪናው ጥሩንባ ተሰማኝ፤ ግን እንዲህ ያለ ሰልፍ ጥሎ ማን ይወጣል? መኪናው ጥሎን ሄደ።

አንድ ሽማግሌ ቄስ ከፊታችን ባይቆሙ እስካሁን እንዞር ነበር። "ይህን ሥርዓት ማን አመጣው?" ብለው ጠየቁ። ሰልፉ ውስጥ መጨረሻ ላይ የገቡት ባልቴት ቀበል አድርገው "ከጥንት የነበረ ነው፣ አባታችን!" አሏቸው።

ለከርሞ በዚሁ ቀን ዳቦ ይደፋል ተብሏል።

ካርዱ አለቀብኝ። ዘሚራን ከነልጆቿ ሳሚልኝ። ለከርሞ አንቺም ነይ፤ በጥንቱ ሥርዓት መሠረት ሰልፉን የምትመራው ባሏ የጠፋባት ናት።

ምስራቅ