ሽታ የበላው ሁድ

የካቲት 17፣ ማክሰኞ። ከመግሪብ በኋላ

እጄ አሁንም ቅባት ቅባት ይላል፣ ማስታወሻዬ። ገጽሽን ካበላሸሁ አውፍ በይኝ። የሆቴሉን ወጥ ቤት ሁድ ፊልተሮች በሙሉ አወረድኩ። በፈላ ውሃና በሶዳ ዘፈዘፍኩ፣ ፈገፈግኩ። ከሥሩ ብረቱ ብልጭ ሲል ብታዪ! መካኒካል ኢንጂ. ተመርቄ ያን ሁሉ ጊዜ ቤት ተቀምጬ፣ ይኸው የመጀመሪያ ማሽኔ።

ሁዱ ተራ ጭስ መሳቢያ እንዳይመስልሽ። ምድጃው ላይ እሳት ከተነሳ አንዲት ማያያዣ ብረት ትቀልጣለች፤ ጋዙ በራሱ ይዘጋል፤ ከላይ ያሉት መርጫ አፎች፣ ኖዝሎቹ፣ ማጥፊያውን ፈሳሽ ይረጫሉ። ማንም ሳይነካው! የኖዝሎቹን ቆብ አጸዳሁ። የግፊት መለኪያው አረንጓዴው ላይ። ሞተሩን ሳስነሳው ጭሱ ሽው! ዋና ወጥ ቤታችን እትዬ ዘሃራ የማፍጠሪያውን ሳምቡሳ ሲጠብሱ ዛሬ ዓይናቸው አላነባም። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከየት አመጣሽልኝ» እያሉ መረቁኝ። ባለቤቱ ሐጂ ሰይድም ይሄን ካዩ ይቀጥሩኛል። አሁን በሙከራ ላይ ነኝ፤ ከዒድ በኋላ ይወስናሉ።

የካቲት 20፣ ዓርብ። ከጁምዓ መልስ

ጉድ ፈላ! ሳምቡሳው አልሸጥ አለ። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም። ሐጂ ምክንያቱን ደረሱበት፦ ሽታው የለም። ከአስር ሶላት በኋላ መንገደኛውን ጾመኛ እግሩን ይዞ የሚያስቀረው ሽታው ነበር። አሁን ሁዱ ጠጥቶ በጓሮ በኩል ይተፋዋል። «አንቺ ልጅ፣ ማሽንሽ ሽታዬን በላብኝ!» ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም።

ትእዛዝ መጣ፦ መጥበሻው በሩ ላይ ይውጣ፣ በሌላ የጋዝ ሲሊንደር። ኖዝሎቹ እዚያ አይደርሱም አልኩ። ያኛው ጋዝ በራሱ አይዘጋም አልኩ። ሁድ ሳይኖር ማን ተቃጠለ አሉኝ። እ/ዘሃራ መጥበሻውን አንስተው ወጡ።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ። ጠዋት

ትናንት ወረፋው! ሽታው ጎረቤት ከተማ ጨፋ ሮቢት ሳይደርስ አልቀረም። ተናደድኩ። ከዚያ ሐሳብ መጣልኝ፣ ብድግ ብዬ ዘለልኩ። ሁዱ ሥር ይጠበስ፤ ትኩሱ በትሪ ተሸፍኖ ይምጣና በሩ ላይ ይከፈት። ሽታውን ራሱ ይዞት ይወጣል! ሮጬ ነገርኳቸው። ከዒድ በኋላ እናየዋለን አሉ። ከዒድ በኋላ ለየትኛው ጾመኛ?

የካቲት 23፣ ሰኞ። ረፋድ

ትናንት። ከሰንበቴ ከተማ የእሁድ ገበያ የሚመለሰው ሰው በሩን አጨናንቆታል። የአንዱ ክርን መጥበሻውን ገፋው። ዘይቱ ገነፈለ፣ እሳቱ ያዘው። ነበልባሉ የእ/ዘሃራን የሻሽ ጫፍ ላሰው። ክዳኑን ደፋሁበት። ጋዙን በእጄ ዘጋሁ። ሻሹን እሳቸው በመዳፋቸው አጠፉት። አልሐምዱሊላህ፣ እሳቸው ደህና ናቸው። ሐጂም ደንግጠው ላብ አጥምቋቸዋል፤ ግን መግሪብ ቀርቧል፣ ወረፋው ቆሟል። አልሐምዱሊላህ አለፈ፣ በሉ ቀጥሉ አሉ።

ስንወጣ እ/ዘሃራን ጠየቅኳቸው፦ ነገስ የት ነው የሚጠብሱት?

«ካዘዙኝ እበሩ ላይ። ምን ላድርግ፣ ልጆች አሉኝ ኢንተላ ኮ።»

የተቃጠለውን የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፈው ሄዱ።

እና ይኸውልሽ። ተመልሼ የበሩን ሲሊንደር ሪጉላተር፣ ጋዙን የሚያሳልፈውን ቁልፍ፣ ፈታሁት። ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ያለሱ ያ ምድጃ አይነድም። የሰው ዕቃ መሆኑን አውቃለሁ፤ እመልሳለሁም፣ መጥበሻው ሁዱ ሥር ሲገባ። ትሪውን ይዤ በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። በጾም አፌ እጣራለሁ! ካልተሸጠ ያባሩኝ። ፈርቻለሁ፤ ደግሞ ደስ ብሎኛል፣ አብጃለሁ መሰለኝ።

ስልኬ ጠራ። ሐጂ ናቸው። አነሳዋለሁ። መጀመሪያ አሰላሙ ዓለይኩም፣ ከዚያ ሪጉላተሩ እኔ ጋ ነው፣ ከዚያ ትሪውን ይዤ የምቆመው እኔ ነኝ።