ግድግዳ የሌለው ሳሎን

ሐሙስ

አልበላም አለ። እናቴ ከአዲስ አበባ እዚህ እጮኛዬ አገር ድረስ በርበሬዋን ተሸክማ መጥታ፣ ዶሮ ሠርታ፣ ጉርሻ ጠቅልላ ብትዘረጋለት፣ ቱት አንገቱን ደፍቶ «ጠግቤያለሁ» አለ። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ከሸሪካት ሰፈር የመጣው አጎቱ አጠገቡ ተቀምጧል።

የማገባው ይህን ቱትን ነው። አዲስ አበባ ያደገ፣ ከእኔ ጋር ስንቴ በአንድ ትሪ የበላ! ሲወጡ በር ላይ ያዝኩት።

«በእኛ በኑዌሮች ወግ ወንድ በአማቱ ፊት አይበላም፤ ነውር ነው» አለኝ። «አጎቴ እያየኝ እንዴት ልጣሰው? ሌላ ክፍል እበላለሁ ብዬሽ አልነበር?»

ሌላ ክፍል! ሥራዬ ቤት ማሳመር ነው። ይህችን የሀይ ጀላባ ሰፈር ባለ ሁለት መኝታ ቤት ለትዳራችን ሳዘጋጅ መጀመሪያ ያስፈረስኩት የኩሽናውን ግድግዳ ነው። ከምድጃው እስከ በረንዳው አንድ ሜዳ። መኝታ ቤት ይብላ ብል ደግሞ እማዬ ጭራሽ ታብዳለች።

ዓርብ

አስረዳኋት። ክብር ነው እንጂ ንቀት አይደለም አልኳት።

«አብሮ የማይበላ እንዴት አብሮ ይኖራል? እጄን ተጸይፎ ነው።»

ከዚያ ቤቱን መንቀፍ ያዘች። የተጠረበው የድሮ ቁምሳጥን «የሟች ዕቃ»፣ ነጩ ሶፋ «የክሊኒክ»። የጣሪያዬን የጅብሰም አበባ ብቻ ሳትነቅፈው አለፈች።

እሑድ እመለሳለሁ፣ ሠርግሽን ያለ እኔ ደግሺ አለች። ያለ ምርቃቷ እንደማላገባ ታውቃለች። ቱትንም እንደማልተው ታውቃለች። ምን ላድርግ? የጾም ሽሮዋን እንኳ ሳትነካ ተኛች። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ፤ በቦቴ የሚገዛ ውሃ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ዘጋሁት።

ቅዳሜ

ማላኪያ ሰፈር ሄጄ አናጺ ለመንኩ። ግድግዳ በአንድ ቀን አይቆምም፣ ይኸው ብሎ አንድ አሮጌ ተጣጣፊ የእንጨት መከለያ ሰጠኝ። አበባ የተፈለፈለበት፣ አንድ እግሩ የተሰበረ። ምድጃውና ሶፋው መሃል አቆምኩት። ያምራል ደግሞ! በዚህ ጭንቅ ውስጥ ይህን ማየቴ፣ ጤነኛም አይደለሁ።

«ለማን ነው የምትጋርጂው?» አለች እማዬ ልብሷን እያጣጠፈች።

«ለአንቺም ለእሱም።»

ማጣጠፏን ቀጠለች። ቱትን ከአጎቱ ጋር ነገ ጠዋት ና አልኩት። እንቅልፍ እንደማይወስደኝ አውቃለሁ።

እሑድ

መጡ። ቱት ከመከለያው ጀርባ ገባ። አጎቱ «ማሌሽ፣ ማማ» ብሎ እማዬን ይቅርታ ጠየቃትና ከእኛ ጋር ወዲህ ተቀመጠ። የተረፈውን ዶሮ አሙቄ ለቱት አቀረብኩለት። እማዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ጆሮዬን አቆምኩ። ከዚያ አጥንት ሲግጥ ተሰማ። ይበላል! እማዬ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች።

«እማማ፣ እጅዎን ይባርከው» አለ ቱት ከወዲያ።

አሜን አላለችም። ቆይታ ግን እጄን ጎተት አደረገችኝ፦

«እንቁላሉን አግኝቶታል? ከሥር ነው ያለው፣ ንገሪው።»

ነገርኩት። የአውሮፕላኑ ሰዓት እየደረሰ ነው፤ መኪና ጥሪልኝ ግን እስካሁን አላለችም።