አዲሱን ካርቦን ያለማመድንበት ቀን

ለነገረኛዋ የልጅ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከምላሴ በቀር ሁሉ ነገሬ ቢደክምም አለሁልሽ።

ከጎልፍ ሜዳው በጡረታ ስሰናበት የሰጡኝ አሮጌ የኤሌክትሪክ መኪና ሰሞኑን መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ስፈታት ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ካርቦኖች አልቀው ጥፍር አክለዋል። አራቱንም ስቀይር አያትሽ የእጅ ባትሪ ይዛ አበራችልኝ።

«እርስዎ መካኒኩ፣ ባለቤቴ ቢኖር እኮ ይህን በአንድ እጁ ነበር የሚሠራው» አለችኝ።

«መልከ መልካም ነው?»

«አፉ ባይበዛ!»

ሳቅሁ። ብሎኑ ግን ከእጄ ወደቀና ፈልጌ እስካገኘው ቆየሁ፤ ዓይኔ ነው መቼም።

አዲስ ካርቦን ከሞተሩ ጋር እስኪላመድ በዝግታ ነው የሚነዳው። ስለዚህ አያትሽን አጠገቤ አስቀምጬ ግቢውን ቀስ እያልን ዞርን። በራችን ላይ ስንቆም «ባለቤቴ ያስባል፤ እባክዎ ቤቴ ያድርሱኝ» አለችኝ። አንድ ዙር ደግሜ አዞርኳትና እዚያው በር ላይ «ደረስን» አልኳት። መረቀችኝ።

ፈተናሽ ሲያልቅ እመጣለሁ ብለሻል። ፈተና እንደሆን የትም አይሄድም፤ ትንሽ ብትቀድሚ ምን አለበት? ስትመጪ ደግሞ እንደ ልማድሽ ከኋላ ሄደሽ ዓይኗን እንዳትሸፍኚ። ፊት ለፊቷ ቆመሽ ስምሽን ንገሪያት። ዝም ብላ ብታይሽም አይክፋሽ። እኔም በየጠዋቱ ስሜን እነግራታለሁ፤ አንዳንድ ቀን «ደስ የሚል ስም ነው» ትለኛለች።

በይ ደኅና ሁኚልኝ፤ ጢሜ እየወጋሽም ቢሆን ጉንጭሽን ስሜያለሁ።

አያትሽ