የሰዓት ሠሪው ቸኳይ ቴፕ

አባታችን በ1950 ዓ.ም. ከሐዲዱ ማዶ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከአባታቸው ከባቡር ጣቢያው ደወል ደዋይና ከእናታቸው ከዳቦ ጋጋሪዋ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በአጎታቸው ሱቅ ሰዓት ጥገና ገቡ፤ ከደረጃ ሥር በተሸጎጠችው በዚያች ሱቅም ዕድሜ ልካቸውን የሰው ሰዓት ሲያስተካክሉ ኖሩ።

በ1967 ዓ.ም. አጎታቸው አንድ አሮጌ ቴፕ ከነካሴቱ ሰጧቸው። ካሴቱ የአንድ ሮክ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ነበር። ጊታሩ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ይንጣጣል፤ ድራሙ እግር በእግር ይከተለዋል። አባታችን ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ፣ ቤቱ ከነአልጋው ከነመስኮቱ ሐዲዱ ላይ ወጥቶ የሚከንፍ ይመስላቸው ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊዋ እናታችን ጋር ትዳር መሠረቱ። እናታችን በእጮኝነታቸው ጊዜ ያንን ካሴት ሰምተው፣ «ዘፋኙን ማን እያባረረው ነው?» ብለው ነበር። አባታችን ሳቁ። ሙሽራዋ አዲስ ቴፕ ይዘው ስለገቡ፣ አሮጌው ከነካሴቱ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። «ያን ካሴት የሚችለው የራሱ ቴፕ ነው» ብለውም አባታችን በሌላ እንዳይከፈት ከለከሉ።

በዚያው ዓመት ባንዱ አዲስ አልበም አወጣ። ድራሙ ረገብ ብሎ ኦርጋን ገብቶበታል፤ ዘፈኑ ወንዝ ላይ እንደተኛ ጭጋግ ቀስ ብሎ ይነሣል። እናታችን የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ ጨርቁን እንደ ጀልባ ሲያንሳፍፉበት፣ አባታችን «ደክሟቸዋል፤ ሩጫቸው የት ገባ?» እያሉ ወደ ሱቃቸው ይሄዱ ነበር። ከዚያ በኋላ በወጣው አልበም ሁሉ ፍርዳቸው ይኸው ነው። አብረዋቸው ራሳቸውን ሲነቀንቁ የኖሩ ወዳጆቻቸው ዛሬ ለስንብታቸው እዚህ ስላሉ፣ ቀጣዩን ልብ ብለው ይስሙ።

በ1988 ዓ.ም. ባንዱ ከተማችን መጣ። እናታችን ሁለት ቲኬት ቆረጡ። አባታችን «ሽማግሌ ሲያዛጋ ለማየት አልሄድም» አሉ። እናታችን ብቻቸውን ሄደው፣ ባዶው ወንበር ላይ ቦርሳቸውን አስቀምጠው ሰሙ። ቂም አልያዙም፤ ስለዚያ ምሽት ግን ትንፍሽ አላሉም። አባታችንም መጠየቅ እየፈለጉ ኩራታቸው ከለከላቸው።

ባለፈው ዓመት የሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ሲያውላቸው፣ ያንን የመጀመሪያ ካሴት ለመስማት ፈለጉ። የአሮጌው ቴፕ ጎማ ቀልጦ አልዞር ስላለ እኛ ልጆቻቸው በእናታችን ቴፕ ከፈትንላቸው። ጊታሩ ረጋ ብሎ መጣ፤ ዘፋኙን የሚያባርረው የለም። አባታችን እንደ ሥራ ልማዳቸው የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ አዳመጡና ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ። «የሰው ሰዓት ሳስተካክል የራሴ ቴፕ ሲቸኩል ኖሯል» አሉ። ኦርጋን መግባቱ፣ ድራሙ መርገቡ እውነት ነው፤ ሩጫው ግን የባንዱ ሆኖ አያውቅም።

ቀጥለውም፣ «ያን ምሽት ምን ምን ተጫወቱ?» ብለው ጠየቁ።

«መቼ ትጠይቀኝ ይሆን እያልኩ ነበር» አሉ እናታችን። «ቦርሳዬ እኮ ቦታ ሊይዝልህ ነው የተቀመጠው።»

ከዚያም ዘፈኖቹን መድረክ ላይ በተዘፈኑበት ተራ እየከፈቱ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሰሙ። ቤቱ ከነአልጋው ከነመስኮቱ፣ አሁን በዝግታ፣ ሐዲዱ ላይ ወጥቶ ይንሳፈፍ ጀመር።

አባታችን ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ ስድስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችንና ሁለት የልጅ ልጆችን ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም በማይጣደፍበት ስፍራ ያሳርፍልን። እሳቸውም፣ እናታችን ሳይቸኩሉ እስኪመጡ፣ አጠገባቸው ቦታ ይያዙላቸው።