ለአባትሽ የመረጥኩለት መስኮት

ክሉዋኔ ሐይቅ፣ ዩኮን
ኦገስት 29 ቀን 2017

ለልጄ ለጆሊን፣

እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? ልጆቹስ? ያ ሳል ለቀቃቸው ወይ? አበርዲን ዘንድሮም ዝናብ ብቻ ነው ብለሽኛል። እኛ ጋ ደግሞ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ ጠዋት ጠዋት የመኪናውን መስታወት አመዳይ እየፋቅኩ ነው።

ደብዳቤሽ ዋይትሆርስ ፖስታ ቤት ጠብቆኝ አገኘሁት። ከኢንተርኔት ለቅመሽ የላክሽልኝን የማረፊያ ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ አነበብኩ። «ይኼ ሐይቁ አፍ ላይ ነው፣ ይኼኛው ተራራው ፊት ለፊት ነው፣ አባዬ እንዲህ ያለ ቦታ ነፍሱ ነው፣ እባክሽ እማዬ እዚህ እዚህ ውሰጂው» ብለሻል። ደክመሽ ስለጻፍሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንዱንም ሳልረግጥ ነው ያለፍኩት።

አትቆጪ። ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

እንደምታውቂው ስትሮኩ የአባትሽን ቀኝ ጎኑንና ምላሱን ነው የወሰደው። ከንግግሩ ሁሉ የተረፈችው አንዲት ቃል ናት፤ «እሺ»። ሲርበውም እሺ፣ ሲያመውም እሺ፣ ሲናደድም እሺ ነው። በተጋባንበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እሺ ብሎኝ የማያውቅ ሰው!

ከሬድ ዲር ስንነሳ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ሸኘን። «እንዲህ ያለች ሚስት ከየት ትገኛለች፤ ሽባ ባሏን የሚወደውን ሰሜን ልታሳየው ነው» እያሉ አለቀሱልኝ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ። ከዚያ መሪውን አስነክቶኝ የማያውቀውን፣ አልጋና ምድጃ ያለውን ቤት መኪና ራሴ እየነዳሁ ወጣሁ።

አባትሽ ቦታ ሲመርጥ ታስታውሺዋለሽ። መብራትና ውሃ ያለው፣ ሰው ጎን ለጎን የሚያድርበት ማረፊያ ለሱ የበግ ጋጣ ነበር። አስፋልቱ አልቆ፣ ጠጠሩም አልቆ፣ መንገዱ ራሱ ተስፋ ሲቆርጥ ነው እሱ የሚያቆመው። ይወርድና እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አየሩን ይስባል። «ይኸውላችሁ! እንዲህ ያለ መስኮት ንጉሥም የለው!» ይላል። እሱ ንጉሥ ሲሆን ከወንዝ ቀጂዋ፣ የአንቺን ሽንት ጨርቅ አጥንት በሚሰብር ውሃ አጣቢዋ፣ ከትንኝ ጋር ተሟጋቿ እኔ ነበርኩ። ከአንዲት ሴት ጋር እንዴት አደርሽ ሳልባባል በጋው ያልቃል።

አሁን የምመርጠው እኔ ነኝ። ዘዴዬን ልንገርሽ። የመንገድ መጽሐፉን እገልጥና መንገደኛ ያማረረበትን ቦታ እፈልጋለሁ። «መኪና ላይ መኪና የተደረበበት»፣ «የከባድ መኪና ጩኸት የማያስተኛ»፣ «የሚታይ ነገር የሌለው» የሚል ካገኘሁ በቃ፣ ቤታችን እዚያ ነው። ስደርስ ቢሮ ያለችው ልጅ «እማማ፣ ዕድለኛ ነዎት፣ ሐይቁን የሚያይ አንድ ቦታ ቀርቶኛል» ትለኛለች። «የለም የኔ ቆንጆ፣ ከልብስ ማጠቢያው ኋላ ያለውን ስጪኝ» እላታለሁ። ከዚያ መብራቱን እሰካለሁ፣ የውሃውን ጎማ እቀጥላለሁ፣ የአባትሽን ተሽከርካሪ ወንበር መስኮቱ ጋ አስጠግቼ ፍሬኑን እይዛለሁ። መስኮቱ የሚያየው የማጠቢያ ቤቱን ግድግዳ ነው። ሲቀናኝ ደግሞ መኪኖቹ ሽንት ቤታቸውን የሚደፉበትን ጉድጓድ።

«ተመቸህ ቬርን?»

«እሺ።»

ከዚያ የቆሸሸ ልብሴን እይዝና ወደ ሴቶቹ እሄዳለሁ። ጆሊን፣ እነዚህ የማጠቢያ ቤት ሴቶች እንዴት ያሉ ተጫዋቾች መሰሉሽ! አንዷ ከቴክሳስ፣ አንዷ ከኩቤክ፣ ማሽኑ እስኪጨርስ የባሎቻችንን ሥጋ ስንበላ እንውላለን። አንድ ቀን አንዷ «ያንቺውስ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል?» አለችኝ። «ግድግዳው እንዳይወድቅ እየጠበቀ ነው» አልኳት። በሳቅ ሞቱ። አንዷማ አንሶላዋ ላይ ተደፍታ ቀረች። ቀልድ መናገር እንዴት ደስ እንደሚል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። በኛ ቤት ቀልድ የሱ ነበረ፤ እኔ የሚቀለድብኝ ነበርኩ።

ምን አድርጎሽ ነው ትዪ ይሆናል። ማንም ቢለኝ አንቺ እንዲህ ልትዪኝ አይገባም፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጠሽ ነበር።

ዘጠኝ ዓመትሽ ነው። ዋትሰን ሌክ ላይ አንድ ማረፊያ አልፈን ስንሄድ ሴቶች ልብስ እያሰጡ ሲሳሳቁ አየሁ። «ቬርን፣ ዛሬን እንኳ እዚህ እንደር፤ ወገቤ አልቋል፤ ሰውም አማረኝ» አልኩት። ጭራሽ ፍጥነት ጨምሮ ነዳ። ብዙ ከሄደ በኋላ አንድ ወንዝ ዳር አቆመና «ውረጂ» አለኝ። ውሃ ሊያስቀዳኝ መስሎኝ ባልዲዬን ይዤ ወረድኩ። «ሰው ካማረሽ እዚሁ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ፤ ማለፉ አይቀርም» አለና በሩን ዘግቶ ሄደ። በኋላው መስኮት ስታዪኝ አየሁሽ። እጅሽን አውለበለብሽልኝ፤ ጨዋታ መስሎሽ ነበር።

የመጣው በማግስቱ ነው። ማንም አላለፈም። ከማዶ አንዲት ጥቁር ድብ ከነልጆቿ ፍሬ ስትለቅም፣ ባልዲውን በድንጋይ እየቀጠቀጥኩ ነው ያነጋሁት። በዚያ ወራት እዚያ አይጨልምም፤ ስለዚህ ሁሉንም ነገር እያየሁ ነበር። አባትሽ ሲመለስ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ማዶ ያሉትን ድቦችና እኔን ካየ በኋላ ወደ አንቺ ዞሮ «አየሻት? ድቡ እንኳ ቀምሶ ተፋት!» አለ። ሳቅሽ። ልጅ ነሽ፣ አልፈርድብሽም። ይህችን ቀልድ በየገናው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ቢራ በተከፈተ ቁጥር ሰማኋት። አንቺም በሠርግሽ ዕለት ማይክ ጨብጠሽ ነገርሻቸው። አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ቪዲዮውን ብታዪው እኔም እየሳቅኩ ነው።

እና ጉዟችን እንደነገርኩሽ ባማረ ሁኔታ ሲቀጥል፣ ቴስሊን ላይ ኤልደን የሚባል ሰውዬ ጎረቤት ሆነብኝ። ከሳስካችዋን የመጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ አንዲት አንካሳ ውሻ ያለችው ገበሬ ነው። ሁለት ቀን ሲያየን ቆየና መጣ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባለቤትዎ እኮ ግድግዳ ነው የሚያዩት» አለኝ።

«ይወደዋል» አልኩት።

«የኔ ቦታ ሐይቁ ላይ ነው። እንለዋወጥ። እኔ እንደሆንኩ ብቻዬን ነኝ፣ ቢታየኝ ባይታየኝ ምን እሆናለሁ?»

«ስላሰቡልን እናመሰግናለን። ብርሃን ያመዋል።»

በማግስቱ ልብሴን አጣጥፌ ስመለስ ወንበሩ የለም። ሮጥኩ። ሐይቁ ዳር አገኘኋቸው። ኤልደን ከጎኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ውሻዋ የአባትሽ እግር ላይ ተኝታለች። አባትሽ እንባው አገጩ ላይ እየተንጠባጠበ «እሺ... እሺ... እሺ» ይላል።

«ደስ ብሏቸው ነው» አለኝ ኤልደን። የሱም ዓይን ቀልቷል።

«አየሁ» አልኩት።

በነጋታው ቁርስ ሳንበላ ተነሳን። ኤልደን ውሻዋን ታቅፎ ቆሞ እጁን አነሳልን። አባትሽ ግን ወደ እሱ አልዞረም፤ ፊት ለፊቱን እንዳፈጠጠ ቀረ። ውለታ የማያውቅ ነው፣ የድሮ አመሉ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዋይትሆርስ ወዲህ የመረጥኩት ማረፊያ የጠጠር መፍጫ አጠገብ ነው። አቧራው እስከ ሻይ ብርጭቆሽ ይገባል። ወንበሩን ደጅ አውጥቼለት እኔ ገብቼ ሻይ ቀዳሁ። ለካ ፍሬኑን በግራ እጁ መፍታት ተምሯል። በመስኮት አየዋለሁ። በአንድ እጅና በአንድ እግር እየገፋ፣ ወንበሩ በክብ እየዞረበት፣ እንደገና እያቀና፣ ወደ ዛፎቹ ሄደ። ከዛፎቹ ኋላ ወንዝ ይሰማል። የዛፍ ሥር ጎማውን ያዘውና በግንባሩ ተደፋ።

ሻዬ ትኩስ ነበር። ጠጥቼ ስጨርስ ወጣሁ።

ስደርስ ጉንጩ ተልጦ አፉ ውስጥ አፈር ገብቷል። «የት ልትሄድ ነበር?» አልኩት። «እሺ» አለ። «ሰው አምሮህ ከሆነ እዚሁ ጠብቅ፤ ማለፉ አይቀርም» አልኩት። ይህን ካልኩ በኋላ ግን ለብቻዬ ላነሳው አልቻልኩም። የጠጠር መፍጫው ሠራተኞች ናቸው ያነሱልኝ።

ጉንጩ ሲያመረቅዝ ሄይንስ ጃንክሽን ክሊኒክ ወሰድኩት። ቴሳ የምትባል ወጣት ነርስ ነች፤ እጇ ለስላሳ ነው። ቁስሉን አጥባ ስትጨርስ ምን እንዳየች እንጃ፣ ጣቷን ዓይኑ ፊት አመላለሰች። ባትሪ አበራች። እንደገና ጣቷን አመላለሰች።

«እማማ፣ አባባ ማየት ካቆሙ ምን ያህል ጊዜ ሆናቸው?»

«የምን ማየት?»

«አያዩም እኮ። ከመጀመሪያው በኋላ ሌላ ስትሮክ መቷቸው ይሆናል። ብርሃን ከጨለማ ቢለዩ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት።

«እሱን እርስዎ ይነግሩኛል ብዬ ነበር። የሚያጥባቸው፣ የሚያበላቸው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ፊቴን አላየችኝም። «ዛሬውኑ ዋይትሆርስ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ካልቻሉ አምቡላንስ እጠራለሁ» አለች ለአባትሽ ፋሻ እየጠቀለለች። «እችላለሁ፣ ይኸው እኔ አይደለሁ እዚህ ያደረስኩት» አልኳት።

መኪናው ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሳ ብዙ ተቀመጥኩ። ማንኪያውን ሲስት ግትርነቱ ነበር የመሰለኝ። ኤልደንን ያልተሰናበተው ንቆት መስሎኝ ነበር። ቴስሊን ላይ ያለቀሰውስ ውሃውን አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? የትኛውን ግድግዳ እንዳየ፣ የትኛውን እንዳላየ አላውቅም። ያን ሁሉ ማረፊያ እንደዚያ ተጠብቤ መርጬ፣ ግድግዳው ፊት የተቀመጥኩት እኔ ሆኜ አረፍኩት። ተናደድኩ ጆሊን። ጥሎኝ አመለጠ። ይህን ሰው አንድ ጊዜ እንኳ መርታት አቃተኝ።

ዋይትሆርስ ወደ ኋላ ነው። እኔ ወደ ፊት ነዳሁ።

አሁን ያለንበትን ቦታ አባትሽ ራሱ ቢመርጥ ከዚህ የተሻለ አያገኝም። መብራት የለውም፣ ውሃው ከፓምፕ ነው፣ ከኛ በቀር ሰው የለም። ትናንት ከሰዓት ወንበሩን እስከ ሐይቁ አፍ ገፋሁት። ከጎኑ መቀመጫዬን አድርጌ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ሲነካው አፍንጫው ተከፈተ፤ አንገቱ ቀና አለ። ማዕበሉን ትንሽ ሰማና በደህና እጁ ዳብሶ እጅጌዬን ያዘ። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ በአገጩ ወደ ፊት ጠቆመ። የሚታየውን እንድነግረው ጠበቀኝ። በዕድሜው አንዳች ነገር ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

ፊት ለፊታችን ያለውን ልንገርሽ። ውሃው አረንጓዴም ሰማያዊም አይደለም፣ በመሐል ያለ፣ ስም የሌለው ነገር ነው። ተራሮቹ ከውሃው ቀጥ ብለው ወጥተዋል፤ አናታቸው ላይ አዲስ በረዶ ጥሏል፤ የደመናው ጥላ ወገባቸው ላይ ይሄዳል። ገደሉ ላይ የተበተኑ ነጫጭ ነጥቦች ድንጋይ ናቸው ስል ተንቀሳቀሱ፤ ለካ የዱር በጎች ናቸው።

«ምንም የለም ቬርን» አልኩት። «የጠጠር ሜዳ ነው።»

እጅጌዬን እንደያዘ ቆየ። ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀና እጁን ጭኑ ላይ መለሰ።

እኔ ግን ብርዱ እስኪያባርረኝ ድረስ ተቀምጬ አየሁት። ማንም በላዬ ሳይጮህ፣ ማንም እዪ ሳይለኝ። ያምራል ጆሊን። እውነቱን ነበር፤ ያምራል።

ልምጣ ብለሽ ጽፈሻል። ከዚህ ወዲያ የት እንደምናድር ገና አልመረጥኩም። ስመርጥ እጽፍልሽ ይሆናል።

ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ባልሽ ይውደድሽ፣ የምትወጂውንም ስትነግሪው ይስማሽ። አምላክ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ።

እናትሽ
ማርሊስ