አጥር የሌለው አየር

ኅዳር 3 ቀን 1989
ዛሬም የዓሣ ማኅበራችን መኪና ከአባያ ሐይቅ ባዶዋን ተመለሰች። ነጋዴው ጌታነህ ቀድሞ ደርሶ ዓሣውን ጠራርጎታል። ጀልባዎቹ የት ዳር እንደሚወጡ የማኅበሩ ሰው ካሱ ከሐይቁ በሬዲዮ የሚነግረው ሴቻ ቢሮ ላለነው ለእኛ ብቻ ነው… ያ ሰውዬ በምን ሰማ?

ኅዳር 5
ሥራ አስኪያጇ አገርነሽ (አንቱ የምላት ፊቷ ላይ ብቻ ነው) የማይኩን ቁልፍ እንደተጫነች፣ "ሬዲዮው ላይ የምትቀመጠው አንተ ሰሊሆም! ሌባ!" አለችኝ። ካሱ ሰማ። አጠገቡ ያሉ አስጋሪዎች ሁሉ ሰሙ። ለጌታነህ ወሬ መሸጥህ ካልቆመ ትባረራለህም ተብያለሁ።

ኅዳር 8
ሬዲዮ ያለው ሁሉ ሊጠልፈን ይችላል ብዬ ነገርኳት። "አሁን ደግሞ በአየሩ ታሳብባለህ?" አለች። አንቴናውን ከጣሪያ አውርጄ ወደ ሐይቁ ብቻ እንዲልክ አዞርኩት። ጉልበቱንም ካሱ ጋ እስኪደርስ ብቻ ቀነስኩት። ወርጄ የካሱንም እንዲሁ አደረግኩ። እሷና ካሱ ሲያወሩ ጌታነህ ያለበት ሲቀላ ሰፈር ቆሜ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ፈለግኳቸው… ሽሽሽ ብቻ። እሰይ!

ኅዳር 11
ጌታነህ ዛሬም ቀደመን።
"አየሩን ዘጋሁት አላልክም? እንግዲህ የቀረኸው አንተ ነህ!" አለችኝ እየሳቀች። በገዛ እጄ ራሴን አሰርኩ። ሌላ ማን አለ?

ኅዳር 12
የብስክሌቴን ጎማ ላስለጥፍ ከቢሯችን አጥር ጀርባ ጎሚስታው ጋ ተቀምጫለሁ። የጌታነህ ሾፌር አጠገቤ ሻይ ይጠጣል። ድንገት በቢሮው መስኮት፣ "ካሱ! ሰሜን ዳር? ሰሜን ዳር ነው ያልከው? እሺ፣ ሰሜን ዳር!"
አገርነሽ! የነገሯትን ሁሉ ጮክ ብላ ካልደገመች የሰማች አይመስላትም። ሾፌሩ ብርጭቆውን አስቀምጦ ሞተር አስነሳ። ታዲያ አንቴናዬ ምን ያድርግ?

ኅዳር 15
ያየሁትን ለአገርነሽ ከነገርኳት ወዲህ መስኮቱ ተዘጋ፤ ማይክ ላይ ንግግሩ በሹክሹክታ ብቻ ሆነ። መኪናችን ዛሬ ሞልታ ገባች።
"በርታ" አለችኝ። በርታ?!
"ሌባ ያሉኝ በሬዲዮ ነው። ስድቡን በሬዲዮ ያንሱልኝ።"
"ደፋር!"
"አለዚያ የቢሮውን ቁልፍ ይረከቡኝ" አልኳት። እኔ ከሄድኩ ሬዲዮውን የሚይዝላት የለም።
ማይኩን አነሳች። "ሰሊሆም ሌባ አይደለም" አለች በሹክሹክታ።
"አልተሰማም፣ ይደገም" አለ ካሱ።
ደገመች።
"አልተሰማም።"
ፊቷ በርበሬ መሰለ። ተነስቼ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።
"ይጩሁ" አልኳት።
ጮኸች። ከአጥሩ ወዲያ የጎሚስታው መዶሻ ቆመ።