ሰባ ዓመት የሞላት ባልቴት

ለውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናሽ ልጠይቅ፤ ያ ጉልበትሽ ብርድ ሲገባ እንደ ልማዱ ተነሣብሽ ወይስ ዘንድሮ ማረሽ? የደም ግፊት ኪኒንሽንስ በወጉ ትውጫለሽ? ጎረቤትሽ ‘እኔ ትቼው ተሻለኝ’ ስላለችሽ ብቻ እንዳታቋርጪ፤ እሷ ሐኪም አይደለችም። እኔ ደኅና ነኝ። ባለቤቴም ደኅና ናት። መጽሐፍ ይዤ ስቀመጥ ባየችኝ ቁጥር ‘ተማሪው፣ የቤት ሥራህን ጨረስክ?’ እያለች ትሥቅብኛለች።

ወደ ጉዳይሽ ልግባ። ልጅሽ ከቤት ከወጣ ስድስት ዓመት አለፈው። ዘመዶቻችን ‘በሕይወት ቢኖር አንድ ቀን ይደውል ነበር’ ስላሉሽ በሚመጣው ወር መጀመሪያ እርሙን ላውጣ፣ አንተም የቤቱ ታላቅ ነህና መጥተህ መርዶውን ለዘመድ ተናገር ብለሻል። መልሴ እምቢ ነው። አልመጣም፤ መርዶም አልናገርም። ዘመዶቻችን ቀባሪ እንጂ ፈላጊ ሆነው አያውቁም። አስከሬን ያየ የለ፣ ወሬ ያመጣ የለ፤ ለቅሶ አማራቸውና ሰው ገደሉ። ምክንያትህ ምንድን ነው ትዪኝ ይሆናል። ምክንያቴን መናገር ስለማልችል ስለ ትምህርቴ እጽፍልሻለሁ።

በዚህ ዕድሜህ የምን ሶሻል ወርክ ነው ብለሽ ስትጠይቂኝ ተቆጥቼ ነበር የመለስኩልሽ። ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት የእርዳታ ድርጅት አዲስ ደንብ አወጣ፤ በሙያው የመጀመሪያ ዲግሪ የሌለው ሰው ኃላፊ አይሆንም አለ። የሒሳብ ዲግሪዬ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ቀረ። ወይ ተማር፣ ወይ ልቀቅ አሉኝ። ጡረታዬ ገና ነው፤ የት እሄዳለሁ? ስለዚህ ይኸው ከልጆቼ የሚያንሱ ልጆች መሃል፣ ጉልበቴ በማይገባበት ወንበር ተቀምጬ ‘ማዳመጥ ምንድን ነው’ የሚል ትምህርት እማራለሁ። ጥርሴን ነቀሉኝ ብትያቸው ‘ያኔ ምን ተሰማዎት?’ የሚሉ ናቸው። ፈተና በተመለሰ ቁጥር በማርኬ ስለምከራከር ስሜን ትተው ‘ይግባኝ’ ይሉኛል። ‘ጋሽ ይግባኝ፣ ዛሬስ ማንን ሊከሱ ነው?’ ይሉኛል፤ እኔም ሁላችሁንም እላቸዋለሁ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ለመስክ ልምምድ በተኑን። የእኔ ድርሻ ከመንገድ የተነሡ ሰዎች የሚያገግሙበት ቤት ሆነ። ረጅም ኮሪደር ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ቀለም ያልቀመሰ። ሰዎችን የማነጋግረው ድሮ የአንሶላ ማስቀመጫ በነበረ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ በሩ ስለማይገጥም አንድ እግሬን ደግፌበት እቀመጣለሁ። የምትቆጣጠረኝ ሴት የልጄ እኩያ ናት፤ ጎበዝ ናት፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለችኝ፦ ‘እዚህ የሰሙትን እዚሁ ትተው ይወጣሉ። ለባለቤትዎ የለ፣ ለእህት ለወንድም የለ።’ እኔም፣ ታውቂኛለሽ፣ ቃሌን ሰጠሁ።

ይሁንና ደንቡ አንዲት ቀዳዳ ይተዋል። ማንነቱ እንዳይለይ አድርጎ ለውጦ፣ ስለ ባለጉዳይ ሰው ማማከር ይቻላል። ዕድሜውን፣ ፆታውን፣ አገሩን ለውጥ ይላል። እኔም ሁሉንም ለውጫለሁ። ባለጉዳዬ እንግዲህ ሰባ ዓመት የሞላት ባልቴት ናት።

ይህች ባልቴት ገና ወደ ክፍሉ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከመቀመጤም በፊት ‘ለማንም ብትናገር ነገ እዚህ አታገኘኝም’ አለችኝ። ሌሎቹ ‘እርስዎ’ ሲሉኝ እሷ አንተ ነው የምትለኝ። ግራኝ ናት። ቅንድቧ ላይ የቁም ሳጥን በር የመታት ጠባሳ አለ። ቀልድ ስታወራ ሳትጨርሰው ራሷ ትሥቃለች፣ ከዚያ ማንም አይገባውም። ያገኘችውን ሁሉ ካልፈታች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ የኮሪደሩን የግድግዳ ሰዓት ፈትታ ገጠመችው፣ ሁለት ብሎን ተረፋት፣ ሰዓቱ ግን ይሠራል። ስትመጣ አጥንቷ ብቻ ነበር፤ አሁን ክብደት ጨምራለች፣ ሳሏም ቀርቷል። ባለፈው ጠዋት ስሄድ ፂሟን ስትላጭ አገኘኋት። ይህን ዓረፍተ ነገር ልሰርዘው ነበር፤ ተውኩት። ሰባ ዓመት ከሞላ በኋላ ሴትም ፂም ታበቅላለች።

ታሪኳን በብዙ ልመና ነው የነገረችኝ። መኪና ስትነዳ ነበር፤ አባቷ አጠገቧ ተቀምጠዋል። መንገዱ ረጥቧል። እሷ ተረፈች፤ አባቷ አልተረፉም። በቀብሩ ቀን እናቷ (አዎ፣ የሰባ ዓመት ባልቴት እናት አላት፤ ዕድሜ የሚጠግብ ዘር ነው) በሰው ሁሉ ፊት ‘ምነው በሱ ፋንታ አንቺን በወሰደሽ’ አለቻት። በማግስቱ ከቤት ወጣች። እናቲቱ ያን ቃል ማለቷ ራሱ ትዝ አይላት ይሆናል። ሐዘን ምላስ እንጂ ጆሮ የለውም። አጠገቧ የቆመ ሰው ግን በደንብ ሰምቶታል።

ወደ ቤት ተመለሺ ብዬ ለመንኳት። አባበልኳት፤ ተቆጣኋት፤ እንደ ተማርኩት ዝም ብዬም አዳመጥኳት። አንድ ቀን ምን አለችኝ? ‘እናቴ ራሷ ብትፈልገኝ እሄዳለሁ። ሰው ነግሯት፣ ሰው ለምኗት ከሆነ ግን አልፈልግም። ያን ቃል የተናገረችው ማንም ሳያስጠናት ነው፤ ይሄንንም ማንም ሳያስጠናት ትበለው።’

ወደ ተቆጣጣሪዬ ሄድኩ። የባለጉዳይ ቤተሰብ ሞታለች ብሎ ሊያለቅስላት ቢነሣስ አልኳት። ‘ትልቅ ሰው ናት፣ የራሷ ውሳኔ ነው፤ ደግመው ይጠይቋት፣ ከዚያ በላይ አይችሉም’ አለችኝ። እናትየዋስ መብት የላትም ወይ አልኳት፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። ‘ባለጉዳይዎ እናቷ አይደሉም’ አለችኝ። እህቴ፣ በዚህ ላይ ይግባኝ የሚጠየቅበት ቦታ የለም። ደግሞ ሌላ አንቀጽ አለ፤ ከባለጉዳዩ ጋር ዝምድና ያለው ሰው ወዲያው አሳውቆ ጉዳዩን ለሌላ ይልቀቅ ይላል። ይህን ለምን እንደጠቀስኩልሽ አትጠይቂኝ። በሌላ ሰው እጅ ብትወድቅ በማግስቱ እንደምትጠፋ ግን አውቃለሁ፤ ስለዚህ አንዱን አንቀጽ አፍርሼ በሌላው ታስሬያለሁ። ነጥብና ሰረዝ ተሳሳተ ብዬ ሰው የማስለቅስ ሰውዬ ማለት እኔ ነኝ። እግር ከወርች ታስሬ ነው ይህን የምጽፍልሽ። ብናገር ባልቴቷ ትሄዳለች። ዝም ብል እናቲቱ ጥቁር ትለብሳለች። በየሳምንቱ እዚያ ክፍል ገብቼ፣ እግሬን በሩ ላይ ደግፌ፣ ‘ሳምንቱ እንዴት አለፈ?’ ብዬ እጠይቃለሁ።

አንቺ ላይ ተናድጃለሁ፤ አልደብቅሽም። በቃሉ አይደለም፤ ቃሉ ያመልጣል። የተናደድኩት ፍለጋ ሰልችቶሽ ዘመድ ስለሰማሽ ነው። ልጅሽን ፈልጊው አልልሽም። እንዲህ ብዬ ማዘዝ አልችልም፤ ለምን እንደማልችል ከላይ ጽፌዋለሁ። እርሙን ግን አታውጪ። ለዘመዶቻችን ወንድሜ አበደ በያቸው። ትምህርት አሳበደው በያቸው፤ ደስ ይላቸዋል።

ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ በርሽን በደኅና የሚያንኳኳ አያሳጣሽ።

ወንድምሽ

የቤቴ ፖስታ ሳጥን ቁልፉ ተበላሽቷል። ስለዚህ መልስሽን በምለማመድበት ቤት አድራሻ ላኪው፤ ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ከላይ የእኔን ስም ብቻ አድርጊ፤ ለእኔ የመጣ ደብዳቤ እዚያ ማንም አይከፍተውም። ውስጡ ሌላ የታሸገ ፖስታ ባገኝ እኔም አልከፍተውም። ማንን ብለሽ እንደምትጽፊበት የራስሽ ጉዳይ ነው። እኔ አልጠየቅኩሽም።